ያልተረጨው መስመር

ሰኔ 4 ቀን 1976

ዛሬ የአቃቂ ጭቃ የግራ ጫማዬን ዋጠው። መድኃኒት ረጪያችን ሳህሌ በአካፋ ቆፍሮ አወጣልኝና «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ሥር ይሰድ ነበር» አለ። በአንድ እግሬ ቆሜ የእሱን ትከሻ እንደተደገፍኩ ነው ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገብረጻድቅ መጥቶ የምሥራቹን የነገረኝ። (ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ። እዚህ ደብተር ውስጥ ግን አንተ ነው፤ አንድ ቦታ እንኳ ልረፍ።)

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከላይ ትልቅ ሰው መጥቶ የእርሻ ምርምር ጣቢያችንን ይጎበኛል፤ እኛ ደግሞ ፒካን እናቀርባለን። «ፍሬው ለጳጉሜን ይድረስልኝ» አለኝ፣ ሻይ እንደሚያዝ ሰው። እኔ በረመዳን ጾም አፌ ደርቆ፣ በአንድ ጫማ ቆሜ፣ የሚበስለው በጥቅምት መጨረሻ መሆኑን ነገርኩት። «ጓድ ላጢፋ፣ አንቺ ሁልጊዜ ከመፍትሔው በፊት ችግሩ ነው የሚታይሽ» ብሎ ሄደ።

ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ግማሹ ሰው ስለሚያንቀላፋ ነገሩን እዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ፒካን የፈረንጅ ዛፍ ነው። ፍሬው በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ያለ ቅባታም ነገር ነው፤ ሳህሌ «የፈረንጅ ለውዝ» ይለዋል። ወንዙ ዳር የተከለው የድሮው ባለርስት ነው። ባለርስቱ ሄደ፣ ዛፎቹ ቀሩ፣ ጣቢያውም የሕዝብ ሆነ። እርጥበት ሲበዛ ፒካንን እከክ የሚባል በሽታ ይይዘዋል፤ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣና ፍሬው ሳይሞላ ይረግፋል። ከስምንት ዓመት በፊት እርጥበት አይበግረውም የተባለ አዲስ ዝርያ ከወዳጅ አገር መጣ፤ ስሙም ቁጥር ዘጠኝ። እኔ ያኔ ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ነበርኩ። አሮጌዎቹን ዛፎች ቆርጬ የአዲሱን ቅርንጫፍ በገዛ እጄ አጣበቅሁባቸው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ አፈራ።

ሁለት መስመር ነው ያለን። አንዱን መድኃኒት እንረጨዋለን፣ ሌላውን አንረጨውም። ያልተረጨው ክረምቱን ሳይታከክ፣ እከክ ሳይዘው፣ ከወጣ ቁጥር ዘጠኝ የተባለለትን ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ችግኝ ቤት ተደርድረው የሚጠብቁት አራት ሺህ ችግኞች ዝናብ ወደማያቋርጥበት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰፈራ ጣቢያዎቹ ይሄዳሉ። ከታከከ ግን የትም አይሄዱም። የሚሄዱት እኔ ይሂዱ ካልኩ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ኩራት ቢጤ ሞቅ አደረገኝ፤ ማንም ስለማያነበው ምንም አይደል።

ሰኔ 12

ለበዓሉ ሰልፍ ተመረጥኩ። በቁመቴ። በዕውቀቴ የመረጠኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ከሰዓት ወደ ጣቢያ። ጠዋት ዛፎቹ ከሳህሌ ጋር ብቻቸውን ናቸው። መርጫውን ከማዘል ሌላ ምንም አልነካም ብሎ በማርያም ምሎልኛል። ደክሞኛል።

ሰኔ 26

ያልተረጨው መስመር ላይ ነጠብጣብ አየሁ። ጥቂት ነው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል፣ ከቅጠሉ ሥር። እዚያው ቁጭ አልኩ። ወላሂ ማልቀስ አማረኝ። ስምንት ዓመት ያሳደግኩት ዛፍ ነው። እናቴ የልጅ ልጅ አሳዪኝ ባለችኝ ቁጥር ቅርንጫፍ ቆርጬ ላሳያት ምንም አልቀረኝም።

ሳህሌ መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ አጠገቤ ቆመ።

«ታዲያ ለምን ትንሽ አናቀምሳቸውም?»

«አይሆንም። ያለ መድኃኒት መቆም ይችሉ እንደሆነ ነው የምናየው።»

«ሲታመሙ ቆመን ልናይ?»

«አዎ። ሥራው እሱ ነው።»

«ክፉ ሥራ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ነበር በደንብ ላስረዳው የሚገባው። ይህ መስመር ለምን ሳይነካ እንደሚቀር፣ አንድ ጊዜ ቢረጭ ስምንቱ ዓመት ገደል እንደሚገባ። እኔ ግን አፍንጫዬን እየጠረግኩ «አንጀቴን ነው የሚበሉት» አልኩት። እሱም መሃረቡን አወጣና ሰጠኝ። ንጹሕ መሃረብ ነበር። የመድኃኒት ረጪ ኪስ ውስጥ ንጹሕ መሃረብ ምን ይሠራል?

ሐምሌ 2

ታይፒስታችን አስካለማርያም የትናንቱን የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ወሬ አመጣችልኝ። እኔ ሜዳ ላይ ግራ ቀኝ ስል ጣቢያው ውስጥ በሌለሁበት ሂስ ተደርጎብኛል። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ለሜሳ ስለ እኩልነት ብዙ ከተናገረ በኋላ ምሳሌ ሲያጣ በመስኮት ወደ ዛፎቹ አየ አለችኝ።

«ለምሳሌ አንዱ መስመር መድኃኒት ጠግቦ ሲኖር ሌላው የበይ ተመልካች የሚሆነው ለምንድነው? ይህ የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ አይደለም ወይ?»

አጨበጨቡ። መድኃኒቱ ለሁለቱም መስመር በእኩል ይዳረስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ከዚያም ወደ ሳሙና ጉዳይ ሄዱ። አስካለማርያም የጓድ ለሜሳን ድምፅ እያስመሰለች ስትነግረኝ ሻዬን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። በዛፍና በዛፍ መካከል የመደብ ትግል እንዳለ አላውቅም ነበር።

ለሳህሌ አንድ ቃል ልንገረው አልኩና ተውኩት። የስብሰባ ወሬ ነው። በስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ ይሄኔ የቀበሌው ሱቅ ስኳር በኖረው።

ሐምሌ 11

ነጠብጣቡ አልጨመረም። እያንዳንዱን ዛፍ ዞሬ አየሁ። አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነው፣ ፍሬውም ንጹሕ ነው። ዝናቡ በላያቸው ላይ ሌት ተቀን እየወረደ። ቁጥር ዘጠኝ፣ የኔ ጌታ። ሳህሌን «አየህ፣ ራሳቸው ታግለው ተነሱ» አልኩት። ፈገግ ብሎ መሬት መሬት አየ።

ሐምሌ 15

አጎቴ ደርዊሽ ከወሎ መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በር ላይ ሳያቸው አላወቅኋቸውም። ግዙፍ ሰው ነበሩ። እናቴ ስታቅፋቸው እጇ ጀርባቸው ላይ የሚይዘው ነገር ያጣ መሰለኝ።

ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል አሉ። ስለ በሬዎቹ ስጠይቃቸው ውሃ ስጪኝ አሉ። ስለ ታናሹ ልጃቸው ልጠይቅ ስል እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ ቀድማ ሰምታ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። በዓሉ እስኪያልፍ እንዲህ ያለ ወሬ ጎረቤት ባይሰማው ይሻላል። ከጎረቤት ደግሞ የቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮውን ይደልቃል፤ አሥር ዓመት የድል ጉዞ እያለ። አጎቴ «ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ።

ለሰፈራ ተመዝግበዋል። ሚስታቸውና የቀሩት ልጆች መጠለያ ውስጥ ናቸው፤ እሳቸው ዘመድ ልሰናበት ብለው ነው የመጡት። ከበዓሉ በኋላ በመኪና ወደ ምዕራብ ይወስዷቸዋል።

«ካድሬው ቅቤ የሚያፈራ ዛፍ ይሰጣችኋል አለን» አሉ። «ቅቤስ ተዪው፣ ጥላ ከሰጠ ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እሱ የእኔ ዛፍ ነው» አልኩ።

«ያንቺ?»

«አዎ አጎቴ። በሽታ አይደፍረውም። ሰባት ዓመት ያህል መጠበቅ ነው እንጂ ያፈራል።»

እጄን ያዙና ሳሙት። «እስከዚያ መኖር ነው እንግዲህ» አሉ። ከክረምቱ ሁሉ ዛሬ ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሐምሌ 26

በሩጫ ነው የምጽፈው። ጓድ ገብረጻድቅ ወደ ላይ ስልክ ደውሎ ዝርያው «መቶ በመቶ ተፈትኗል» ብሏል። ገና አላለቀም አልኩ። አልሰማኝም። ስሙንም ቀይሮታል፤ ከእንግዲህ ቁጥር ዘጠኝ ሳይሆን «ድል አሥር» ነው። ዛፉ አልተጠየቀም። ያልተረጨው መስመር ዛሬም ንጹሕ ነው። መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ፤ ነፋሱ ከተረጨው መስመር ያመጣው ይሆናል። ልምምድ ላይ የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ረግጬ ተሰደብኩ።

ነሐሴ 6

ዝናቡ ከሰዓት አላስወጣ ብሎን ከሳህሌ ጋር መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ቆመን በቆሎ እሸት ጠብሰን በላን። እሱ ፍልሰታን እየጾመ ነው፤ «በቆሎ ባይኖር ኖሮ ክርስቲያን አይኖርም ነበር» ይላል። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ተወልዶ ያደገው ሐዲዱ ዳር ነው፣ ባቡር ሲያልፍ ሳያውቀው ንግግሩን ያቆማል። ዛሬም አቆመ። ካለፈ በኋላ ስለ ወንድሙ ነገረኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ወስደውታል፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሳህሌ ስም ቀበሌው ዘንድ ምልክት አለበት። «እኔ አንድ ጥፋት ነው የቀረኝ» አለ፣ በቆሎውን እየፈለፈለ። ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ዝናቡ ሲያባራ በጃንጥላው እስከ ቤት ሸኘኝ። እናቴ በር ላይ ነበረች።

«ማነው ይሄ ባለጃንጥላ?»

«መድኃኒት የሚረጨው ነው።»

«መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጃንጥላውን ላንቺ ብቻ ይዞ እሱ ይበሰብሳል?»

እኔ ከሳህሌ ጋር የሥራ ግንኙነት ብቻ ነው ያለኝ። እናቴ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል።

ነሐሴ 16

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር አልቀመስኩም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የሰልፍ አሠልጣኛችን ግራ ቀኝ ሲል ሲል ድምፁ ተዘግቶ ልምምዱ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠዋት ጣቢያ ደረስኩ። ፀሐይም ነበር። ያልተረጨው መስመር መሃል ሳህሌ ቆሟል። መርጫውን አዝሎ፣ እያፏጨ፣ ዛፎቼን ከላይ እስከ ታች ያጥባቸዋል።

«ሳህሌ ምን እያደረግክ ነው?»

«እኩል እያዳረስኩ ነዋ» አለ ዞር ብሎ። ደስ ብሎት ነበር። «በስብሰባ ተወስኖ የለ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስብሰባው ማግስት። ከሰዓት ዝናቡ ስለሚያጥበው አንቺ ስትመጪ አይታይም። ልነግርሽ ነበር፤ ግን ሲድኑልሽ ፊትሽ ሲፈካ ሳይ ዝም ይሻላል አልኩ። አንጀቴን ይበሉታል ብለሽኝ አልነበር?»

ሰደብኩት። ደደብ አልኩት፣ ከዚያ የባሰም አልኩት፤ አልጽፈውም። መርጫውን አውርዶ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ «ያልተረጨ መስመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ማን ነገረው? ጓድ ለሜሳ ስለ እኩልነት በደንብ ነገረው፤ እኔ ስለ ዛፉ አልነገርኩትም። ስብሰባው የወሰነውን ሰምቼ ስቄ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ሽታው አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ነፋስ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳታርፍባቸው አልኩት። ክረምቱ ገና አላለቀም። መድኃኒቱ ሲቆም ቁጥር ዘጠኝ ራሱ ይናገራል። ንጹሕ ሆኖ ከቀጠለ እፎይ ነው፣ ለማንም ምንም አልልም። ካልቀጠለ ግን አጎቴን ምን እላቸዋለሁ?

ነሐሴ 17

ጓድ ገብረጻድቅ ቢሮ ገባሁ። እንዲሁ ለወሬ ያህል አስመስዬ ጠየቅሁት።

«ለመሆኑ ያልተረጨው መስመር በስህተት ተረጭቶ ቢሆንስ ጓድ?»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስህተት የሚባለው ነገር ከበዓሉ በኋላ ነው ያለው» አለኝ። «ከበዓሉ በፊት ያለው አሻጥር ነው። እኔ መቶ በመቶ ብዬ ወደ ላይ አስተላልፌያለሁ። የረጨው ሰው ስም አለው?»

«የለውም። እንዲሁ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«እንዲሁ አትጠይቂኝ ላጢፋዬ፣ የደም ግፊት አለብኝ።»

በስብሰባ የተወሰነ ነው ብል ጓድ ለሜሳ ምሳሌ ነው የሰጠሁት ይላል፤ ያጨበጨቡትም ማጨብጨባቸውን ይረሳሉ። መርጫውን ያዘለው ግን አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አንድ ጥፋት ነው የቀረው።

ነሐሴ 28

ታከከ።

መጀመሪያ ቅጠሉ፣ አሁን ፍሬው። ጥቁር በጥቁር። መድኃኒቱ ከቆመ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላው። አቃቂ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ከማይደርቅ አገር ሲገባ አንድ ደህና ፍሬ አይገኝበትም። የሰፈራ ሰው መድኃኒት ከየት ያመጣል? የመድኃኒቱ ዱቄት ለእኛ ጣቢያ እንኳ የሚመጣው በስንት ልመና ነው።

ሳህሌ «ዛሬውኑ ልርጭ፣ ለበዓሉ ይድናሉ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ስረጭ እንዳልያዝ ብለሽ ከሆነ ስለ እኔ ተዪው» አለ። ስለ አንተ ማን አወራ አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፣ አስካለማርያም በመስኮት አየችን።

ጳጉሜን 1

ዛሬ አረፋ ነው። በግ የለም፣ እናቴ ግማሽ ኪሎ ሥጋ አግኝታ እንደ በግ አድርጋ ሠራችው። አጎቴ ጓሮ ገብተው ቆዩ። ሄጄ ሳይ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ጉልበታቸው ድረስ የሚደርስ፣ ዙሪያው የተስተካከለ።

«ለዛፍሽ ይህ ይበቃል?» አሉኝ። «ካሁኑ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው። እዚያ ስንደርስ ቤት ከመሥራቴ በፊት እሱን ነው የምተክለው። እኔ ባልበላ ልጆቹ ይበሉታል።»

«ይበቃል አጎቴ» አልኩ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም? በቀን አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ። ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላው ፈሪ ነበር።

ጳጉሜን 2

የበዓል ዝግጅት። ጓድ ገብረጻድቅ ጥቁር ነጠብጣቡን ሲያይ ደም ግፊቱን ረስቶ ሮጠ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ የታከከውን ቅጠልና ፍሬ እንዲለቅም አዘዘ። ሁሉንም ቢለቅሙት ዛፉ ራቁቱን ሊቀር ሆነ። ስለዚህ እስከ እንግዳው ቁመት ድረስ ብቻ ተለቀመ፤ ከዚያ በላይ ቀና ብሎ የሚያይ ባለሥልጣን የለም ተባለ። የእንግዳው ቁመት ስንት ነው በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ግንዶቹንም ኖራ ቀቡልኝ። ካልሲ ያደረጉ መሰሉ።

ሳህሌን ለብቻ ጠርቼ «ነገ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፣ አንተ አፍህን አትከፍትም» አልኩት። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «አለቃህ ማነው?» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም። የኖራውን ባልዲ አንስቶ ሄደ።

ጳጉሜን 3

ትልቁ ሰው መጡ። ጃንጥላ ያዥ፣ ማስታወሻ ያዥ፣ ዝም ብሎ የሚቆም አንድ ሰው። ጓድ ገብረጻድቅ አጠገባቸው እየተሽቆጠቆጠ «ይህ ያልተረጨው መስመር ነው ጓድ፤ ጓድ ላጢፋ ታስረዳለች» አለ።

ወደ ፊት ስወጣ በግራ እግሬ ልጀምር በቀኝ ጠፋኝ። ሁለት ወር ያሠለጠኑኝ ሰልፍ ለዚህ እንኳ አልጠቀመኝም።

«ይህ መስመር ያልተረጨ ይባላል እንጂ ተረጭቷል ጓድ» አልኩ። «ንጹሕ ሆኖ የቆየው በመድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ከቆመ ወዲህ ምን እንደሆነ እባክዎ ቀና ብለው ከላይ ይዩት።»

ሁሉም ቀና አሉ። ከተለቀመው በላይ ዛፉ ከነቅጠሉ ከነፍሬው ጠቁሯል።

«ዝርያው እርጥበት አይችልም። ወደ ምዕራብ ቢላክ ሰዎቹ ሰባት ዓመት ጠብቀው የሚያገኙት ይህንን ነው።»

ትልቁ ሰው ዓይናቸውን ከዛፉ አወረዱና «ማነው የረጨው?» አሉ።

ከኋላዬ ሳህሌ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጫማውን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«አሳዘኑኝ።»

«አሳዘኑሽ? ዛፎቹ?»

«አዎ ጓድ።»

ማስታወሻ ያዡ አሳዘኑኝ የሚለውን እንዴት እንደሚጽፈው የጨነቀው መሰለ። ትልቁ ሰው ነገሩን ለመቀየር ይሁን እንጃ ለእሳቸው ከቀረበው ትሪ ላይ ደህና የሚመስል ፍሬ አንስተው ክፈቱልኝ አሉ። ጓድ ገብረጻድቅ በቢላ ሲሰነጥቀው ውሃው ፊጭ ብሎ የእንግዳውን እጅጌ አራሰው። «ገና ውሃ ነው ጓድ፤ የሚበስለው በጥቅምት ነው» አልኩ፤ ማን ጠየቀኝ? እጅጌያቸውን እያራገፉ «ችግኞቹ ይቁሙ» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ጓድ ገብረጻድቅ «ገደልሽኝ» አለኝ። ጓድ ለሜሳ ምንም አላለኝም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። ሳህሌ እያነከሰ ወደ መሣሪያ ቤቱ ሄደ። ችግኞቹ ቆመዋል። ሌላው ይምጣ።

መስከረም 2 ቀን 1977

ሰልፉ። ግራ ቀኝ። ማንንም አልረገጥኩም። ከሰልፉ መሃል ጎትተው ያወጡኝ ይሆን ስል መሪዎቹ የቆሙበትን ሰገነት መቼ እንዳለፍነው አላየሁም። ቤት ስገባ እናቴ ከነጫማዬ አቀፈችኝ።

መስከረም 5

ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዛፉ አይመጣም አልኳቸው፣ በሽታ ይይዘዋል፣ እኔ ተሳስቼ ነው። ወደ ጉድጓዱ ዞር ብለው አዩና «እንግዲህ በቆሎ እንዘራለና» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነው የፈለጉት፣ እኔን። ነገ በጠዋት ወደ መጠለያው ይመለሳሉ። ጉድጓዱን እናቴ ልትደፍነው ስትል ተዪው አልኳት፤ ዶሮዎቹ ገቡበት።

መስከረም 9

ስብሰባው ዛሬ ተደረገ። ጓድ ለሜሳ ስለ እኔ ረጅም ሂስ አቀረበ። ለዛፍ የግል ርኅራኄ በማሳየት ንዑስ ከበርቴያዊ ስሜታዊነት ውስጥ ወድቃለች አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ከአስካለማርያም ጋር ሳምንት እንስቅበት ነበር። አስካለማርያም አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ስለ እኩልነት፣ ስለ ሐምሌው ስብሰባ፣ ስለ ጭብጨባው አንድ ሰው አልተነፈሰም።

አሻጥር የሚለው ቃል አልተነሳም። ጓድ ገብረጻድቅ ነው ያስቀረው፤ መቶ በመቶ ያለው እሱ ስለሆነ ቃሉ ከተነሳ ወደ እሱም ይዞራል። ለምን ይሁን ለምን አላህ ይስጠው። የተወሰነው ዝውውር ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ አንዱ ሰፈራ ጣቢያ፣ «እርጥበቱን በቦታው ተገኝታ እንድታጠና»፣ መመለሻው ሳይገለጽ። ከእስር ያመለጠ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። ደስ አላለኝም። አቃቂን ጭቃውንም ጭሱንም ሳይቀር እወደዋለሁ። ሌላም የምወደው ነገር አለ።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ ጓድ ለሜሳ።

እጆች ወጡ። የጓድ ገብረጻድቅ፣ የዘበኞቹ፣ የችግኝ ቤት ሴቶች፣ የአስካለማርያም ከነእስክሪብቶዋ። እኔም የራሴን አወጣሁ፤ ግለሂስ እንዲህ ነው። የሳህሌ እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ።

ጓድ ለሜሳ አየው። «ጓድ ሳህሌ የምትለው ነገር አለህ?»

ሳህሌ ተነሳ። ሊናገር ነበር። ከንፈሩ ሲከፈት አየሁት፤ ሊል የነበረውም ቃል በቃል ይሰማኛል። አንድ ጥፋት ነው የቀረኝ ያለኝም ትዝ አለኝ። በዓይኔ ለመንኩት። በሕይወቴ ማንንም እንዲያ ለምኜ አላውቅም። አንሳ፣ እባክህ አንሳ፣ በእናትህ አንሳ አልኩት፣ አፌን ሳልከፍት።

እጁን አነሳ። ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም በኋላ። «እደግፋለሁ» አለ።

በሙሉ ድምፅ አለፈ።

እንዲያነሳ የለመንኩት እኔ ነኝ። እንዳነሳው ግን ወላሂ ደረቴ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ስንወጣ ሁሉም ተራ በተራ ጨበጡኝ፣ መልካም መንገድ አሉኝ፣ ጓድ ለሜሳም ሳይቀር። ሳህሌ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ረጥቦ ነበር። ሁሉም ሲጨብጠኝ እሱ አልጨበጠኝም፤ ያን ያነሳውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶታል፣ እስክሄድም አላወጣውም።